ድንቅነሽና ሰላም በጠፈር፤ የአንዲት ታናሽ ፈለክ ግኝት፣ ጠባይና ስም

መግቢያ

ድንቅነሽ የሚለው ስም ለኢትዮጵያ ተማሪ እንግዳ አይደለም። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. (1974) በአፋር ምድር፣ በሐዳር የተገኘችውና የውጭ አገር ሰዎች ሉሲ የሚሏት የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጽም በአገራችን የምትታወቀው በዚህ ስም ነው። ከጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. (2023) ጀምሮ ግን በዚሁ ስም የምትጠራ ሌላ አካል አለች። እርስዋም በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን ከሚዞሩት፣ እስካሁን የታወቁት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ከሚበልጡት ታናናሽ ፈለኮች፣ ማለትም አስትሮይዶች፣ አንዲቱ ናት። በመዝገብ ያላት ቍጥር 152830 ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህች ፈለክ እንዴት እንደ ተገኘች፣ በምን መንገድ እንደምትዞር፣ ምን ዓይነት አካል እንደ ሆነችና ስምዋን ከወዴት እንዳገኘች በአጭሩ ለመግለጽ ነው። ከዚህም ጋር አንድ ጥያቄ እናነሣለን፤ በሰማይ ላይ የአማርኛ ስም መጻፉ ለእኛ ምን ያህል ዋጋ አለው? ዕለታቱን በአገራችን አቆጣጠር ስንጽፍ የኤውሮጳውያንን ዓመት በቅንፍ እንጨምራለን። በኤውሮጳ አቆጣጠር ብቻ በጻፍንበት ቦታ ደግሞ «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ምልክት እናደርጋለን።

ታናናሽ ፈለኮች እንዴት ታወቁ

በማርስና በጁፒተር መካከል ያለው ሰፊ ባዶ ቦታ የ18ኛውን መቶ ዓመት የከዋክብት ተመራማሪዎች ሲያስገርም ኖሮ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1801 በሲሲልያ ደሴት በፓሌርሞ ከተማ ካህኑና ተመራማሪው ጁሴፔ ፒያዚ ከሌሎቹ ከዋክብት መካከል ቦታዋን የምትለውጥ አንዲት ነጥብ አየ። ስምዋንም ሴሬስ አላት። ስድስት ሳምንት ያህል ከተከታተላት በኋላ ግን በፀሐይ ብርሃን ተሸፍና ጠፋች። ያን ጊዜ ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ የተባለ ገና 24 ዓመት የሆነው ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ በጥቂቶቹ ማስታወሻዎች ብቻ መንገድዋን አስልቶ የምትገኝበትን ስፍራ አመለከተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሴሬስ ካለበት ቦታ ተገኘች። እንግዲህ የአስትሮይድ ታሪክ ከመጀመሪያው የሁለት ሥራ ታሪክ ነው፤ አንዱ ማየት፣ ሁለተኛው ማስላት።

እስከ እ.ኤ.አ. 1807 ድረስ አራት ብቻ ታወቁ፤ አምስተኛውን ለማግኘት እስከ 1845 መጠበቅ ግድ ሆነ። በ1891 ማክስ ቮልፍ በሃይደልበርግ የፎቶግራፍን ዘዴ ለዚህ ሥራ አዋለ። መሣሪያው ከዋክብትን ተከትሎ ረዘም ላለ ጊዜ ፎቶግራፍ ሲያነሣ ከዋክብቱ ነጥብ ሆነው ይታያሉ፤ አስትሮይዱ ግን ስለሚንቀሳቀስ አጭር መሥመር ይጥላል። ከዚያ ወዲህ ቍጥራቸው በመቶና በሺህ ሆነ።

ድንቅነሽ የተገኘችው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሰው በዓይኑ መፈለግን ለኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ከለቀቀ ወዲህ ነው። ሊኒየር የተባለው የአሜሪካ የፍለጋ ድርጅት በኒው ሜክሲኮ፣ በሶኮሮ አጠገብ ባሉት ቴሌስኮፖች ወደ መሬት ሊቀርቡ የሚችሉ አካላትን ይቈጣጠር ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 1992 ዓ.ም. (1999) ከተመዘገቡት ነጥቦች አንዲቱ እርስዋ ነበረች። ለመሬት የማታሰጋ ስለሆነች ማንም ልዩ ትኵረት አልሰጣትም። የተሰጣትም ጊዜያዊ ምልክት «1999 ቪዲ57» የሚል ነው።

ይህን ምልክት መተርጐም ለተማሪ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ፊደል ቪ ግኝቱ የተደረገው በኤውሮጳውያን ኅዳር ወር የመጀመሪያ እኩሌታ መሆኑን ያመለክታል። ሁለተኛው ፊደልና ቍጥሩ ተራውን ይናገራሉ። ለተራው 25 ፊደላት ያገለግላሉ፤ 57 ማለት ፊደላቱ 57 ጊዜ ዞረው አልቀዋል ማለት ነው፤ ዲ ደግሞ አራተኛው ፊደል ነው። ስለዚህ 57 በ25 ሲባዛ 1425፣ አራት ሲጨመርበት 1429 ይሆናል። ይህች አካል በዚያ ግማሽ ወር ምልክት ከተሰጣቸው 1429ኛዋ ነበረች ማለት ነው። ፒያዚ በአንዲት ነጥብ ስሙን ሲያስጠራ፣ ድንቅነሽ ከሺህ ከሚበልጡ ጓደኞችዋ ጋር ያለ ስም ተመዘገበች፤ 23 ዓመት ያህልም ያለ ስም ቈየች።

ምሕዋርዋ

ድንቅነሽ የምትገኘው በአስትሮይዶች መቀነት በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ነው። መሬት ከፀሐይ ያላትን ርቀት፣ ማለት 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህሉን፣ አንድ መለኪያ ብናደርገው የድንቅነሽ መካከለኛ ርቀት 2.19 መለኪያ ነው። ወደ ፀሐይ በጣም ስትቀርብ 1.95፣ በጣም ስትርቅ 2.44 ይሆናል። በኪሎ ሜትር ሲቈጠር ከ290 ሚሊዮን እስከ 365 ሚሊዮን ያህል ነው። ምሕዋርዋ ጥቂት ሞላላ ነው፤ መሬት ከምትዞርበት ወለል ያለው ዘንበል ማለትም 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው።

አንድ ዙር ለመፈጸም የሚያስፈልጋትን ጊዜ ማንኛችንም ከኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ልናገኘው እንችላለን። ርቀቱን በራሱ ሦስት ጊዜ አባዝተን ካሬ ሥሩን ስንወስድ ጊዜው በዓመት ይወጣል። 2.19 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 10.5 ይሆናል፤ የዚህ ካሬ ሥር 3.24 ነው። ስለዚህ የድንቅነሽ አንድ ዓመት የእኛ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ያህል ነው። የሐዳሯ ድንቅነሽ ከአፈር ከወጣችበት ቀን አንሥቶ የሰማይዋ ድንቅነሽ እስከ ተጐበኘችበት ቀን ድረስ ባሉት 49 ዓመታት ፈለኳ ፀሐይን 15 ጊዜ ዞራታለች።

በዚህ ቀበሌ መኖርዋም ያለ ምክንያት አይደለም። ዳንኤል ኪርክውድ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1866 እንዳስረዳው በመቀነቱ ውስጥ አስትሮይድ የማይገኝባቸው ክፍተቶች አሉ። በዚያ ርቀት የሚዞር አካል ጁፒተር አንድ ጊዜ ሲዞር እርሱ ልክ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ስለሚዞር፣ የጁፒተር ስበት በተመሳሳይ ስፍራ እየደጋገመ ይገፋዋል፤ በመጨረሻም ከመንገዱ ያስወጣዋል። ከእነዚህ ክፍተቶች አንዱ በ2.06፣ ሌላው በ2.5 መለኪያ ላይ ነው። ድንቅነሽ በ2.19 ላይ ሆና በሁለቱ መካከል በደኅና ትዞራለች።

ጕብኝቱ

ሉሲ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. (2021) ተወነጨፈች። ዋና ሥራዋ ከጁፒተር ጋር በአንድ ምሕዋር የሚዞሩትን ትሮጃን የሚባሉ አስትሮይዶች መመርመር ነው። ስምዋ ከሐዳሯ አጽም የተወሰደበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አጽሙ ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ እንዳስተማረ፣ እነዚያም አካላት ስለ ፈለኮች አመጣጥ የሚያስተምሩ የጥንት ቅሪቶች ናቸውና።

በጕዞው ዕቅድ ውስጥ 152830 የሚለው ቍጥር አልነበረም። በፈረንሳይ አገር በኒስ የሚሠሩት ራፋኤል ማርሻል የ500 ሺህ አስትሮይዶችን መንገድ ከመንኰራኵሯ መንገድ ጋር አስተያይተው ይህችን አንዲቱን አገኙ። መንገዱ ሳይለወጥ ቢቀር መንኰራኵሯ በ64 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ታልፋት ነበር። ጥቂት ማስተካከያ ቢደረግ ግን እጅግ ልትቀርባት እንደምትችል ታወቀ። የተፈለገውም ስለ ፈለኳ ብቻ አልነበረም፤ መንኰራኵሯ በፍጥነት ስታልፍ ዓላማዋን ከካሜራው ሳታወጣ የምትከታተልበት መሣሪያ መፈተን ነበረበት።

ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. (2023)፣ በአገራችን ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ላይ፣ ሉሲ ከድንቅነሽ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አለፈች። ይህም ከቡታጅራ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ሦስት እጥፍ ከሚያክል ርቀት ጥቂት ይበልጣል። ፍጥነትዋ በሴኮንድ 4.5 ኪሎ ሜትር ስለ ነበረ ያንን የ130 ኪሎ ሜትር መንገድ በ29 ሴኮንድ በፈጸመችው ነበር። መሣሪያው ፈተናውን አለፈ። ወደ መሬት የተላኩት ፎቶግራፎች ግን ማንም ያልጠበቀውን ነገር አሳዩ፤ ድንቅነሽ ብቻዋን አልነበረችም።

ጠባይዋና ጨረቃዋ

ከጕብኝቱ በፊት ስለ ድንቅነሽ የሚታወቀው ከመሬት በቴሌስኮፕ የተለካው ብርሃንዋ ብቻ ነበር። ብርሃንዋ በ52.67 ሰዓት አንድ ጊዜ ከፍና ዝቅ ይል ነበርና እርስዋ በዚህ ያህል ጊዜ አንድ ጊዜ የምትሽከረከር ዘገምተኛ አካል ናት ተብሎ ታሰበ። ልኩ ትክክል ነበር፤ ትርጓሜው ግን ትክክል አልነበረም። ድንቅነሽ ራስዋ በ3.74 ሰዓት አንድ ጊዜ ትሽከረከራለች። 52.67 ሰዓት የጨረቃዋ ዙር ጊዜ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ውስጥ ለማንኛውም ተመራማሪ ትምህርት አለ፤ ቍጥር በትክክል ቢለካም የማን ቍጥር እንደ ሆነ ካልታወቀ ዕውቀቱ ገና ጐደሎ ነው።

የድንቅነሽ መካከለኛ ዲያሜትር 719 ሜትር ነው። በቡታጅራ ከተማ ውስጥ ብትቀመጥ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ያለው ርቀት በእግር አሥር ደቂቃ የማይሞላ ነው። የተሠራችው ከድንጋያማ ማዕድን ነው። ቅርጽዋ እንደ እንዝርት ቀለበት በወገብዋ ዙሪያ ወጣ ያለ ጠርዝ አለው፤ በአካልዋም ላይ አንድ ረጅም ሸለቆ ተጋድሟል። በላይዋ የሚታዩት ክብ ጕድጓዶች ሌሎች ድንጋዮች በግጭት የቈፈሯቸው ናቸው። በዚህ ረገድ ከቡታጅራ በስተደቡብ በስልጤ ካለው ከሐረ ሸይጣን ሐይቅ ይለያሉ፤ እርሱ ክብ ቢሆንም የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የከፈተው ጕድጓድ ነውና።

ጨረቃዋ ከእርስዋ በ3.1 ኪሎ ሜትር ርቀት ትዞራለች። መንኰራኵሯ ካለፈች ከስድስት ደቂቃ ያህል በኋላ የተነሡት ፎቶግራፎች ጨረቃዋ አንድ ድንጋይ ሳትሆን እርስ በርሳቸው የተነካኩ ሁለት ድንጋዮች መሆንዋን አሳዩ። አንደኛው 212፣ ሁለተኛው 234 ሜትር ያህል ዲያሜትር አላቸው። ከዚያ በፊት በአስትሮይድ ዙሪያ የምትዞር እንዲህ ያለች ጥንድ ጨረቃ ታይታ አታውቅም። የዙርዋን ክበብ በ52.67 ሰዓት ብናካፍለው ፍጥነትዋ በሰዓት 370 ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ይህ የኤሊ እርምጃ ነው፤ የድንቅነሽ ስበት ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ደካማም ቢሆን ስበቱ ክብደትን ለማስላት አስችሏል። የጨረቃዋ ርቀትና የዙርዋ ጊዜ ከታወቁ የሁለቱ ክብደት በኬፕለርና በኒውተን ሕግ ይገኛል፤ በእኛ ስሌት 490 ሚሊዮን ቶን ያህል ይወጣል። ይህን ከመጠናቸው ጋር ያስተያዩት ተመራማሪዎች፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ኔቸር በተባለው መጽሔት እንደ ገለጹት፣ አካሉ ከውሃ 2.4 ጊዜ ያህል ይከብዳል። የሠራት የድንጋይ ዓይነት ግን ከዚህ ይልቅ ይከብዳልና በውስጥዋ ባዶ ቦታ መኖሩ ታውቋል።

ጨረቃዋ ከወዴት መጣች? የፀሐይ ብርሃን በአንድ ታናሽና ቅርጹ ባልተስተካከለ አካል ላይ ወድቆ ሙቀቱ ተመልሶ ሲወጣ እጅግ ጥቂት የሆነ የመጠምዘዝ ኃይል ያሳድርበታል። ይህ ኃይል ለብዙ ዘመን ሲደራረብ አካሉ በፍጥነት እንዲሽከረከር ያደርገዋል። ድንቅነሽም ሽክርክሪትዋ ከመጠን ሲያልፍ በድንገት ተናደች፤ ሸለቆዋ የዚያ ምልክት እንደ ሆነ ይታሰባል። ከተበተነው ድንጋይ ከፊሉ ተመልሶ በወገብዋ ላይ ጠርዝ ሠራ፤ ከፊሉም ተሰብስቦ ጨረቃ ሆነ። ሁለት እኩያ የሚሆኑ ክፍሎች እንዴት ሊገጣጠሙ እንደቻሉ ግን ሊቃውንቱ ገና የሚከራከሩበት ጕዳይ ነው።

ስለ ስሙ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል ያገራችን ሰው። የአስትሮይድን ስም ግን የሚያጸድቀው የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ነው። የኢትዮጵያ ስም በሰማይ መገኘቱም በድንቅነሽ የተጀመረ አይደለም። ግሪኮች በአፈ ታሪካቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ንግሥትና ልዕልት ያደረጓቸው ኬፌውስ፣ ካስዮፔያና አንድሮሜዳ ከጥንት ጀምሮ በኅብረ ከዋክብት መካከል አሉ፤ ምንም እንኳ የግሪኮች ኢትዮጵያ ከዛሬዪቱ የሰፋና ወሰኑ ያልታወቀ ቢሆንም። ሲሪል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1931 በጆሃንስበርግ ያገኘው 1196ኛው አስትሮይድም በንግሥተ ሳባ ስም ተጠርቷል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ሌሎች ስለ እኛ ከጻፉት መጽሐፍ የተወሰዱ ናቸው። ድንቅነሽ የሚለው ቃል በአንጻሩ የራሳችን አፍ ያወጣው ነው።

የጨረቃዋ ስም ከዚህ የበለጠ ታሪክ አለው። በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. (2023) ሰላም ተብላ ተሰየመች። ሰላም በአዋሽ ማዶ፣ ከሐዳር ትይዩ በምትገኘው በዲኪካ በታኅሣሥ ወር 1993 ዓ.ም. (2000) የተገኘችው ሕፃን አጽም ናት። የሉሲ ልጅ የሚል ቅጽል ቢሰጣትም ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ስለሆነ ሕፃኒቱ እናት ከተባለችው ትቀድማለች። በሰማይ ግን ዝምድናው ተስተካክሏል፤ ጨረቃዋ በእርግጥም ከድንቅነሽ አካል የወጣች ትመስላለችና።

እዚህ ላይ የሁለቱን ስሞች ልዩነት ልብ እንበል። የሐዳሯን አጽም ያገኙት ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ናቸው። የመጀመሪያ ስምዋ በሰፈራቸው ከተሰማ የእንግሊዝኛ ዘፈን የመጣ ሲሆን የአማርኛው ስም ኋላ የተሰጠ ነው። በእርግጥ የኢትዮጵያ እጅ ጨርሶ አልጐደለም፤ በዚያው በ1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ ከመገኘትዋ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ወኪል የነበሩት ዓለማየሁ አስፋው በሐዳር የጥንት ፍጥረት መንጋጋ አግኝተዋል። ነገር ግን የጥናቱ መሪነትና የዓለም ዝና በሌሎች እጅ ነበር። ሰላምን ያገኘው ቡድን መሪ ግን ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነበሩ። አጽሙን ከያዘው ድንጋይ ለማላቀቅ ዓመታት የፈጀ የትዕግሥት ሥራ ሠርተው በመስከረም 1999 ዓ.ም. (2006) ለዓለም አስታወቁ። እንግዲህ ድንቅነሽ የሚለው ስም የተሰጠን ክብር ነው፤ ሰላም የሚለው ስም ግን የሠራነው ክብር ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው በድንቅነሽ ታሪክ ውስጥ ያገኛት፣ መንገድዋን ያሰላ፣ የጐበኛትና የመዘናት ሁሉ ከአገራችን ውጪ ነው፤ ከእኛ የሄደው ስሙ ነው። ይህን የምንለው ስሙን ለማቃለል አይደለም። አንድ ሕፃን ተማሪ በጠፈር ካርታ ላይ የእናቱን ቋንቋ ሲያነብ የሚሰማው ደስታ ዋጋ አለው። ነገር ግን በስም ብቻ ረክቶ መቅረት ለአንድ ሕዝብ ዕውቀት አደገኛ ነው፤ ስም የሚያኰራውን ያህል ሥራውን እንደ ሠራን አስመስሎ ሊያስተኛን ይችላልና።

የሚሠራው ሥራ ደግሞ ሩቅ አይደለም። በእንጦጦ ተራራ ላይ የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ድንቅነሽ ለእነርሱ እጅግ የደበዘዘች ብትሆንም በመጠን በብዙ እጥፍ የምትበልጣት የንግሥተ ሳባ አስትሮይድ ብርሃንዋ የሚለካ ነው። ሽክርክሪትዋን ከኢትዮጵያ ምድር መለካት ለአንድ የሒሳብ ወይም የፊዚክስ ተማሪ የሚገባ የመመረቂያ ሥራ ይሆናል። በምድር በኩልም ቢሆን ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ በጢያ ትክል ድንጋዮች አጠገብ ያልፋል፤ አዋሽንም በመልካ ቁንጡሬ ይሻገራል። መልካ ቁንጡሬ በ2016 ዓ.ም. (2024) ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ቍፋሮውን የመሩት ግን የፈረንሳይና የኢጣልያ ቡድኖች ናቸው። ይህ ወንዝ ወርዶ የሐዳርንና የዲኪካን ምድር የሚያጠጣው ያው አዋሽ ነው።

ሉሲ መንኰራኵር ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. (2025)፣ በትንሣኤ በዓል ዕለት፣ በጆሃንሰን ስም የተጠራውን ሌላ አስትሮይድ ጐብኝታ ጕዞዋን ቀጥላለች። ድንቅነሽና ሰላምም በየሦስት ዓመት ከሦስት ወሩ ዙራቸውን ይፈጽማሉ። ጋውስ ሴሬስን በወረቀትና በቀለም ሲያገኛት የ24 ዓመት ወጣት ነበር። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለን ተማሪዎች ከሁለቱ ስሞች መንገድ መምረጥ ይገባናል፤ ምርጫችንም የሰላም መንገድ ቢሆን፣ ማለት ፈልጎ ማግኘትና ለክቶ ማወቅ ቢሆን፣ ለሚቀጥለው ስም የምናበረክተው ቃል ብቻ አይሆንም።